ከዊልቸሬ ፊት የገጠምኩት ጎማ፦ ክረምትንም በጋንም ካሳለፈ በኋላ

በአዲስ አበባ በእጅ የሚገፋ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ዋነኛ ፈተናው ዳገት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳገት ያደክማል እንጂ አይጥልም፤ የሚጥሉት ከወንበሩ ፊት ያሉት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። ስፋታቸው ከሁለት ጣት የማይበልጠው እነዚህ ድፍን ጎማዎች ለሆስፒታል ወለል ይስማማሉ፤ በ2000ዎቹ ዓመታት በየሰፈሩ በተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ ሲወጡ ግን በድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀሩና ወንበሩ በድንገት ይቆማል፣ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በሙሉ ኮብልስቶን በመሆኑ፣ ለዓመታት ከኋላ የሚይዘኝ ሰው ሳላገኝ ከግቢ አልወጣም ነበር።

ይህንን የለወጠልኝ ከእግር ማሳረፊያው ጋር የሚያያዝ አንድ ተጨማሪ ጎማ ነው። ክንዱ የማሳረፊያውን ጠርዝ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ማጥበቂያው ሲጫን የወንበሩ ፊት ከፍ ይላል፤ ትንንሾቹ ጎማዎችም ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚነካው ከዳር እስከ ዳር 12 ኢንች የሆነው፣ አየር የሚሞላው ወፍራም ጎማ ነው።

ስገዛው የጠበቅሁት ኮብልስቶኑን እንዲያሻግረኝ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አሳክቶታል። ያልጠበቅሁት በጎርፍ መውረጃ ፍርግርጎች ላይ ያየሁትን ነው። ብረቶቹ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጉ ሲሆኑ ትንሹ ጎማ በመካከላቸው ሰምጦ ስለሚቀር፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ፍርግርግ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። አሁን ትልቁ ጎማ በሁለቱ ብረቶች ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ እጄም ከመግፊያው ክብ ላይ አይነሣም። ሐምሌ ላይ ጭቃው ኮብልስቶኑን ሲሸፍነው እንኳ ብቻዬን ዳቦ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ይህ ለሌላው ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም የሻጭ መግለጫ ይበልጣል።

ሁለተኛው ያልጠበቅሁት ነገር ጥገናው ነው። የጎማው ልክ ከሕፃናት ብስክሌት ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲፈነዳ የሰፈሬ ጎሚስታ ለጥፎ፣ አየር ሞልቶ መለሰልኝ። የውጭ አገር ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያንከራትት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል።

«ለዚህ ከተማ የሚሆነው ባትሪ ያለው ዊልቸር ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። እነርሱን የምጠይቃቸው ሚኒባስ ታክሲ ላይ ማን እንደሚጭነው ነው። የተለመደው ተጣጣፊ የባትሪ ዊልቸር እንኳ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ የሚከብደውም ብዙ ነው፤ የእኔን ወንበር ግን ረዳቱ በአንድ እጁ ያነሣዋል፣ ጎማው ተነቅሎ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። ደግሞም መብራት ጠፍቶ ባደረበት ማግሥት ባትሪው ከቤት ካላስወጣኝ ዘመናዊነቱ ምን ይሠራልኛል?

ይሁን እንጂ ሻጩ «ለማንኛውም ዊልቸር ይሆናል» ያለኝ ትክክል አልነበረም፤ ይህንንም በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ዕቃው የሚይዘው አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠንካራ የእግር ማሳረፊያን ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት ያለው ተጣጣፊ ዊልቸር ደግሞ ሁለት የተለያዩ ማሳረፊያዎች ስላሉት ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ያስፈልገዋል። የእኔም እንዲህ ያለ ነው፤ ማገናኛው ስላልመጣ ሁለቱን ማሳረፊያዎች የሚያያይዝ ጠፍጣፋ ብረት መርካቶ ውስጥ አስበይጄ፣ በእጅ በሚፈታ ብሎን አሰርኩት። የሚያስቆጣኝ ወጪው ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መፍትሔ የማያገኝ ሰው በውድ የገዛውን ዕቃ ጥግ ላይ አስቀምጦ ይቀራል።

ሕንፃ መግቢያ ላይም የጎማውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። በብዙ አገሮች የተለመደው ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ሲሆን፣ እዚህ በየደጁ የማየው ግን ከዚያ እጅግ የቆመ ነው። ቀድሞ የእግር ማሳረፊያዬ ከመወጣጫው ግርጌ ጋር ይጋጭ ነበር፤ አሁን ፊቱ ከፍ ስላለ ይህ ቀርቷል። ወደ ኋላ ከመገልበጥ ግን ጎማው አያድንም፤ ስለዚህ በቆመ መወጣጫ ላይ ዛሬም ሰው እጠራለሁ። ወንበሩን ስለሚያስረዝመውም ጠባብ ሊፍት ውስጥ ለመግባት መንቀል ግድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ዞሮ ለጥቂት ጊዜ አቅጣጫ ያስታል።

በኮሪደር ልማት ከተስተካከለው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ያለ እርሱም መሄድ እችላለሁ። ሆኖም ቤቶቻችን ያሉት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚታጠፉት መንገዶች ላይ ስለሆነ፣ ጎማውን የማወልቀው ታክሲ ስሳፈርና ሊፍት ስገባ ብቻ ነው። ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የእግር ማሳረፊያውን ዓይነት፣ ውፍረቱንና ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክቶ ይሂድ፤ ሻጩም ያለ ማገናኛው አልገዛም ሲባል ማስመጣቱ አይቀርም። እኔ ወደፊት ዊልቸሬን ብቀይር የምመርጠው ይህንን ጎማ በቀጥታ የሚይዘውን ነው።