ያገለገለ ቅንጡ መኪና ልትገዙ ነው? ጠዋት ሳትነሳ እዩዋት

ወገኖቼ፣ በተለይ ከጎጃም ተነስታችሁ አዲስ አበባ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ የአራት ዓመት የጤፍ ንግድ ትርፌን አፍስሼበታለሁ።

መኪናዋ የጀርመን ሥሪት ናት። የቆዳ ወንበር፣ የአየር ሱስፔንሽን (በስፕሪንግ ፈንታ በአየር ከረጢት የምትቆም ናት)፣ ሁሉ ነገሯ ያማልላል። ደላላው የቀጠረኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስደርስ ሞተሯ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት የለም። ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነዳኋት፣ ተፈራረምን፣ በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመርኩ።

ፍቼን ሳልፍ የሞተር መብራት በራ። ጎሃ ጽዮን ላይ ፈራሁ፤ ቢሆንም ወረድኩ። አባይን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስያያዘው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። የራዲያተር ፈሳሽ ሽታ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እያቀዘቀዝኩ፣ ውሃ እየጨመርኩ፣ መሽቶ ማርቆስ ገባሁ።

ጠዋት ግቢ ስወጣ የፊቷ ግራ ጎን ወርዶ ጎማው ላይ ተኝቷል። አስነሳኋት። ቀስ እያለች ከፍ ከፍ አለችና ቀጥ ብላ ቆመች። ያኔ ገባኝ። የአየር ከረጢቱ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል፣ ሞተሩ ሲነሳ የአየር መንፊያው ኮምፕረሰር መልሶ ይሞላዋል። ከሰዓት የተቀጠርኩት፣ ሞተሯም ተነስቶ የጠበቀኝ ለዚህ ነበር።

መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ፈትቶ አሳየኝ። ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። «ጋሼ፣ ውሃና ዘይቱ ተገናኝቷል» አለኝ። ቴርሞስታት ቀየርን፣ ራዲያተር አሳጠብን። በመጨረሻ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጋርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀየረ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቆመች። ዳገት ላይ ዛሬም ትሞቃለች።

መብራቱስ ስገዛት እንዴት ጠፋ? የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ በስካነር፣ ተሰርዞ ነው። ስህተቱ ሲሰረዝ የመኪናዋ ኮምፒውተር ራሱን እንደ አዲስ መፈተሽ ይጀምራል፤ ፍተሻው የሚያልቀው ተነድታ ነው። ስለዚህ መካኒካችሁ «ስህተት አለ ወይ?» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ። ፍተሻዎቹ መጠናቀቃቸውንም ይይ። ብዙዎቹ ካልተጠናቀቁ በቅርቡ አንድ ሰው ሰርዞታል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። እባካችሁ፣ ለዚህች ምርመራ ብር አትሰስቱ።

ሻጩን ስደውልለት «አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ውሉም «ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል። ጠበቃ አማከርኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቃል እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። እኔ ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር ሁለት ወር አቃጠልኩ። እናንተ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ደላላ መጣ። «መብራቱን አጥፍተን ለባሕር ዳር ሰው እንሽጣት፣ ከሰዓት ቅጠረው» አለኝ። እምቢ አልኩት። ያ ሰው እንደኔ ለፍቶ ያጠራቀመውን ይዞ ነው የሚመጣው። መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች። ሊገዛት የሚፈልግ ካለ ጠዋት በ12 ሰዓት ይምጣ፣ ሳትነሳ አሳየዋለሁ። የመካኒኩንም ወረቀት እሰጠዋለሁ።