የክሬዲት ካርድን ጣሪያ ማስቀነስ፦ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ቤት ለሚያሠሩ ዘመዶቻችን ያዋጣል?

«ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይመታ» የሚል ስልክ ከደብረ ብርሃን ሲደወል፣ አሜሪካ ያለው ወገን ብዙ ጊዜ የሚመዘው ክሬዲት ካርዱን ነው። ዕዳው ሲያስደነግጠው ደግሞ ባንኩን «ጣሪያውን ቀንስልኝ» ይላል፤ በካርዱ መበደር የሚቻለውን ከፍተኛ መጠን ማለቱ ነው።

አገልግሎቱ በራሱ አይታማም። ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሎ መጠየቅ ነው፤ ባንኮች በአብዛኛው ክፍያ አይጠይቁበትም። የካርዱ ዕድሜም አይነካም። ጣጣው ክሬዲት ስኮሩ ላይ ነው፤ አበዳሪዎች የሰውን ብድር አከፋፈል የሚመዝኑበት ነጥብ ማለት ነው።

አንዱ 5,000 ሌላው 3,000 ዶላር ጣሪያ ያላቸው ሁለት ካርዶች እንውሰድ። ባለቤቱ 1,600 ዶላር ዕዳ ካለበት ከጣሪያው ድምር የተጠቀመው 20 በመቶ ነው። የ5,000ውን ወደ 1,000 ካስወረደ የጣሪያው ድምር 4,000 ይሆናል፤ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር 40 በመቶ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ከዕዳው 900ው በዚያው ካርድ ላይ ካለ ደግሞ ካርዱ ለብቻው 90 በመቶ ሞልቷል፤ ስኮሩ ይህንንም ለይቶ ያያል። ከ300 እስከ 850 በሚለካው ፋይኮ (FICO) በተባለው የታወቀ ስኮር 30 በመቶ ያህሉን ክብደት የያዘው የዕዳ መጠን ነውና ቅናሹ ቀላል አይደለም። «ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ችግር የለም» የሚባለውንም እንዳለ አትውሰዱት፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ዕዳው ሲከፈል ስኮሩ በአብዛኛው ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎች (የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ድርጅቶች) በሚልከው በሚቀጥለው ሪፖርት ያገግማል። ጣሪያውን መልሶ ማስጨመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባንኩ የብድር ታሪክን በይፋ ሊያስመረምር ይችላል፣ ምርመራውም የብድር ታሪክ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይታያል።

ብዙዎች የሚስቱት ቀኑን ነው። ባንኩ ዕዳውን ለቢሮዎቹ የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ የሒሳብ መግለጫ) ሲዘጋ እንጂ በመክፈያው ቀን አይደለም። በመክፈያው ቀን ሙሉውን የሚከፍል ሰውም ባለዕዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከመዝጊያው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መክፈል ነው።

እንደኛ ግምት ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው የካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርዱ ጥሬ ገንዘብ የሚበደሩበትን ጣሪያ ብቻ ማስቀነስ ነው። በክሬዲት ካርድ ሐዋላ ሲላክ ብዙ ጊዜ እንደ ካሽ አድቫንስ ይቆጠራል፤ ኮሚሽን አለው፣ ወለዱም ያለ እፎይታ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለቆርቆሮና ለሚስማር የሚላከው ገንዘብ ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ ቢወጣ ይሻላል (ደብረ ብርሃን ያለው ቤተሰብም የዕቃውን ዋጋ ቀደም ብሎ ቢነግር አይከፋም)። በአንዱ ካርድ ወጪ እንዳይደረግ ከተፈለገ በአፑ መቆለፍ ይቻላል። ሁለቱም ካርዶች የአንድ ባንክ ከሆኑ ደግሞ ጣሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ድምሩ ንክች አይልም።

በቅርብ ወራት የቤት ወይም የመኪና ብድር ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ጣሪያውን ባይነካ ይሻላል። እጄን ካላሰርኩት አላቆምም የሚል ካለ መጀመሪያ ዕዳውን ይጨርስ፣ ዜሮ የሚል ስቴትመንት ይውጣለት፣ ከዚያ ይደውል።