ለአራስ ፍራሽ የሞከርናቸው ማጽጃዎች

እህቴ በግንቦት አጋማሽ ሴት ልጅ ከተገላገለች በኋላ እስከ 80ኛው ቀን ክርስትና ድረስ የአራስነት ጊዜዋን ያሳለፈችው በእኛ ቤት ነበር። ወደ ቤቷ በሄደች ማግስት አንሶላውን ስንገፍ፣ ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩ የስፖንጅ ፍራሽ የነዚያን ቀናት ታሪክ በሙሉ ይዞ አገኘነው፤ በአንድ በኩል የደረቀ ደም፣ መሐሉ ላይ የሕፃን ሽንት የተወው ቢጫ ክብ፣ ራስጌው ላይ የፈሰሰ ወተትና አጥሚት ያመጣው የኮመጠጠ ሽታ፣ ከዳር ደግሞ ከአንዲት ጠያቂ ማንኪያ ያመለጠ የገንፎ ቅቤና በርበሬ። ከሱቅ ሲመጣ የነበረውን ላስቲክ እናታችን «ላብ ይይዛል፣ አራስ አይተኛበትም» ብላ አስወጥታው ስለነበር ምንም መከላከያ አልነበረውም። ከዚህ በታች ያለው ፍራሹን ለማዳን ገንዘብ ያወጣንባቸው ነገሮች ግምገማ ነው።

መጀመሪያ የጠራነው ቤት ለቤት እየዞረ ሶፋ፣ ምንጣፍና ፍራሽ የሚያጥብ አንድ ድርጅት ነበር። ሁለት ወጣቶች በቀጠሯቸው ሰዓት መጡ፣ ወለሉን በላስቲክ ሸፍነው በትሕትና ሠሩ፤ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል። ጥፋቱ አሠራራቸው ላይ ነው። ደሙ ላይ ትኩስ እንፋሎት ለቀቁበት። በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ሙቀት ሲነካው ስለሚረጋ ከጨርቁ ክር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ለደም የሚሆነው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀጥለውም አረፋ ረጭተው፣ በብሩሽ ፈትገው፣ በማሽን መጠጡትና ከላይ ነጭ የሆነ ፍራሽ ትተውልን «ነገ ይደርቃል» ብለው ሄዱ። በነሐሴ፣ በአዲስ አበባ፣ መስኮቱ ፀሐይ በማያይ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ! ማሽኑ የሚመጠው ከላይ ያለውን ነው፤ ስፖንጁ እስከ ሥሩ የጠጣው ውሃ ግን በዚያ ክረምት መውጫ አላገኘም። በአራተኛው ቀን እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲመለስ እድፉንም ይዞት ወጣ፣ ደሙ ቡናማ ሆኖ ታየ፣ በዚያ ላይ የእርጥብ ጨርቅ ጠረን ተጨመረበት። ደውለን ስንነግራቸው «ተመልሰን በነፃ እናጥበዋለን» አሉ። ሌላ ውሃ መጨመር ስለሆነ አመስግነን ተውነው። በጥር ወር ብጠራቸው ኖሮ አስተያየቴ የለዘበ ይሆን ነበር፤ የእንፋሎቱን ነገር ግን ጥርም አያስተካክለውም።

ፍራሹን ከግድግዳ አስደግፈን፣ ቬንትሌተር አዙረንበት አንድ ሳምንት ካቆየነው በኋላ የሄድነው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። የገዛነው ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ለጸጉር ማንጫ የሚሆነው፣ ባለ 20 ቮልዩም የሚባለው፣ 6% ስለሆነ ለጨርቅ ይበረታል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ብርሃን ስለሚያፈርሰውም በጠቆረ ጠርሙስ ካልሆነ መግዛት አይገባም። ትራሱ ላይ የነበረችው፣ እንፋሎት ያልነካት ትንሽ የደም ጠብታ ፈሳሹ ሲነካት ወዲያው ነጭ አረፋ አወጣችና በሁለት ዙር ጠፋች። የፍራሹ ደም ግን አረፋ አላወጣም ማለት ይቻላል። አረፋውን የሚያስነሳው፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚከፍለው፣ ራሱ ደሙ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ እሱን ደግሞ እንፋሎቱ ቀቅሎታል። አምስት ጊዜ ደጋግመን፣ በየመሐሉ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ እየጫንን፣ ቡናማውን ወደ ስስ ሻይ ቀለም አወረድነው እንጂ አላጠፋነውም።

ለሽንቱ ክብ ግን ይህ ጠርሙስ ከጠበቅነው በላይ ሠራ። አንድ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር ያህል) ፐርኦክሳይድ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ቀላቅለን፣ ፍራሹን ላለማራስ በጨርቅ እያስነካን ቀባነው፤ ደርቆ የቀረውን ነጭ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው። በሁለተኛው ቀን ሲደገም ቢጫው ፈጽሞ አልታየም። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ውሁዱ ጋዝ ስለሚያወጣ ተዘግቶ አይቀመጥም፣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላልና የተረፈው መደፋት አለበት። ቀለምም ያነጣል፤ የእኛ ፍራሽ ጨርቅ ሰማያዊ አበባ ያለው ስለሆነ ሁለት አበቦች ገርጥተዋል፤ አስቀድሞ ጥግ ላይ መሞከር ይገባ ነበር።

ቤኪንግ ሶዳን ለብቻው ስንገመግመው የሚሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ባለሱቁ የሰጠን ቤኪንግ ፓውደር ነበር፤ እሱ ከሶዳው ጋር አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ይለጥፋል እንጂ ለዚህ አይጠቅምም። እውነተኛው ሶዳ ራስጌው ላይ በደንብ ተነስንሶ ሲያድር የወተቱንና የአጥሚቱን ሽታ በአንድ ሌሊት አጠፋው፤ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ከአሲድ የሚመጣ ሲሆን ሶዳ ደግሞ አሲድን ያረክሳል። ብዙ ሰው ሶዳውን ነስንሶ አቼቶ ይረጭበታል። መፍላቱ ዓይን ይስባል፤ ሆኖም ሁለቱ ተገናኝተው የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ጨው መሰል ነገር ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጉልበት ከመጨረስ በቀር ለፍራሹ ያተረፈው የለም። አቼቶ የሚጠቅመው ለብቻው፣ በውሃ ቀጥኖ፣ የቆየ ሽንት ለሚያወጣው የአሞኒያ ሽታ ነው።

በረኪናን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ከፍራሽ ይራቅ። ሽንት ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ ከአቼቶ ጋር ሲሆን ደግሞ የክሎሪን ጋዝ፤ ስፖንጅ የጠጣውን በረኪና አለቅልቆ ማውጣት አይቻልም፣ በላዩ የሚተኛው ደግሞ ሕፃን ነው።

የገንፎው ቅቤና በርበሬ ከሁሉም የተለየ ነበር። ፐርኦክሳይዱም ሶዳውም አልነኩትም፤ ቅባት ነውና። ከላይ ያለውን በማንኪያ ጠርዝ ከፈገፈግን በኋላ ላርጎ ጠብ አድርገን፣ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየጫንን ቅቤውን አወጣነው፤ ከመሐል ወደ ዳር ቢሆን እድፉ በሰፋ ነበር። ቅባቱ ሄደ፣ የበርበሬው ብርቱካናማ ቀለም ግን ቀረ። ያኔ ተስፋ ቆርጠን ነበር።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ፍራሹን ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ አውርደን ግቢ ውስጥ በወንበሮች ላይ አጋደምነው። ሦስት ቀን፣ እየገለበጥን፣ ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በሁለተኛው ቀን የበርበሬው ቀለም ገርጥቶ፣ በሦስተኛው ፈልገን አጣነው፤ ለካ የበርበሬ ቀይ ቀለም ብርሃን የማይችል ነው። የሽንቱ ነገር ከዚህ ይልቅ ትምህርት ሰጠን። ቢጫው ከጠፋ በኋላ እንኳ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽታው ይመለስ ነበር፤ ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ስፖንጁ ውስጥ ስለሚቀር እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይሸታል። ከላይ የሚነሰነስ ዱቄት እዚያ አይደርስም። ከሦስቱ የፀሐይ ቀናት በኋላ ሽታው አፍንጫን አስጠግቶ ካልሆነ የማይታወቅ ሆነ፤ ሕፃን ዘወትር የሚሸናበት ፍራሽ ከሆነ ግን ይህም የሚበቃ አይመስለኝም።

በገንዘብ ረገድ መድኃኒት ቤቱ፣ ሶዳውና ላርጎው አንድ ላይ ለአጣቢው ድርጅት የከፈልነውን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞሉም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ያስከፈለችን የሁለት ጎረቤት ጎረምሶች ጉልበትና አንድ ጀበና ቡና ነው። የሻይ ቀለም ያለው የደም ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ፍራሹን ገልብጠን አንጥፈነዋል፤ እናታችንም ላስቲኩን ከቆጡ አውርዳ፣ ምንም ሳትናገር፣ በታችኛው ገጽ በኩል አልብሳዋለች።