የቆየ የውኃ ስኪ ጀልባን ማፍጠን፦ ጥገና፣ ፕሮፔለር ወይስ ሞተር?

ቅር እንዳይላችሁ አንድ ነገር ልናገር። የስኪ ጀልባ፣ ማለትም በስኪ ውኃ ላይ የሚንሸራተትን ሰው በገመድ የሚጎትተው ጀልባ፣ የእሽቅድምድም ጀልባ አይደለም። በስላሎም (በተንሳፋፊ ምልክቶች ዙሪያ እየተጠማዘዙ በሚንሸራተቱበት) ውድድር ለወንዶች የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎሜትር ነው፣ ለሴቶች 55። ጀልባው የተቀረጸው በዚህ ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንዲሄድና ከኋላው አነስተኛ ማዕበል እንዲተው ነው። ሞተሩ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ዘንጉ በሆዱ በኩል ዘንበል ብሎ ይወጣል፣ ፕሮፔለሩም ከሆዱ ሥር ይዞራል። ከጀልባው ኋላ ውጭ እንደሚንጠለጠለው አውትቦርድ ሞተር ፕሮፔለሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ የጀልባውን አፍንጫ ማንሳት አይቻልም። ዘንጉ፣ ዘንጉን የደገፈው እግር፣ መሪውና ከሆዱ ሥር ያሉት ትናንሽ ክንፎች ሁሉ ውኃ ውስጥ ሆነው ወደኋላ ይጎትቱታል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ 240 የፈረስ ጉልበት ያለው ጀልባ ጤነኛ ከሆነ በሰዓት 70 ኪሎሜትር አካባቢ ይሄዳል። የእናንተው 62 ላይ ከቆመ ፍጥነት ጠፍቶባችኋል ማለት ነው። 70 እየሄደ 80 ካማራችሁ ደግሞ ያልነበረ ፍጥነት ልትገዙ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ወጪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጠፋውን ሳይፈልግ አዲስ ለመግዛት ሲሮጥ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር

የመጀመሪያው በጂፒኤስ የተለካ ፍጥነት ነው። የድሮ ጀልባ ፍጥነት ቆጣሪ የሚሠራው በቀጭን ቱቦ በሚገባ የውኃ ግፊት ነው። ቱቦው ትንሽ ከተደፈነ ወይም ከተጣመመ ቆጣሪው ያሻውን ይላል። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይበቃል። በአንድ አቅጣጫ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ አማካዩን ያዙ።

ሁለተኛው ነዳጁ ሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚደርስ ነው። ዙር ቆጣሪውም ቢሆን በደንብ አይታመንም። ብዙዎቹ ከጀርባቸው የሲሊንደር ብዛት መምረጫ አላቸው። እሱ ሲዝግ ንባቡ ይዛባል። ከተጠራጠራችሁ የእጅ ዙር መለኪያ ተውሳችሁ አመሳክሩ።

ከዚያ ትንሽ ሂሳብ። የፕሮፔለር ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር፣ ጠጣር ነገር ውስጥ እንደሚገባ ቡሎን ቢሆን ኖሮ፣ ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። 13 ኢንች ፒች 33 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ካምቢዮው አንድ ለአንድ ከሆነና ሞተሩ 4,400 ዙር ከደረሰ፣ በወረቀት ላይ በሰዓት 87 ኪሎሜትር ይመጣል። ውኃ ግን ጠጣር አይደለም፣ ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢንሸራተት ጤነኛ ነው። 18 በመቶ ስትቀንሱ 71 ኪሎሜትር ታገኛላችሁ። ካምቢዮው ዙር የሚቀንስ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1.5 ለ 1፣ መጀመሪያ የሞተሩን ዙር ለ1.5 አካፍሉ።

የእናንተ መንሸራተት 30 በመቶ ከወጣ ፕሮፔለሩ ተጎድቷል፣ ወይም ሆዱ ቆሽሿል፣ ወይም ጀልባው ከብዷል። እዚያ ላይ የፈረስ ጉልበት መጨመር በተቀደደ ማዳበሪያ እህል መስፈር ነው።

ጥገና፦ ርካሹና የተናቀው

ሞተሩ ሠሪው ባስቀመጠው የፕሮፔለር ልክ እየሠራ፣ የተፈቀደለት ዙር ላይ ካልደረሰ ምርጫችሁ ይህ ነው። የድሮዎቹ ባለ ካርቡሬተር ቪ8 ሞተሮች የሙሉ ነዳጅ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 4,800 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ትክክለኛው በሞተራችሁ መመሪያ ላይ አለ።

መጀመሪያ የሚታየው ነገር ሊያስቃችሁ ይችላል። ሞተሩን አጥፉ። አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይግፋ፣ ሌላው ካርቡሬተሩን ይመልከት። የነዳጅ ገመዱ ከዕድሜ ብዛት ስለሚለጠጥ ካርቡሬተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡሬተር ከሆነ የኋለኞቹ ሁለቱ የሚከፈቱት ኃይል ሲፈለግ ብቻ ነው። እነሱ ደርቀው ከተጣበቁ የሞተሩን ግማሽ ጉሮሮ አንቃችሁ ነው የምትነዱት።

ቀጥሎ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቡተር ክዳን፣ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ)፣ የነዳጅ ፊልትሮ። ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን እሳት የሚያግድ ወንፊትም እጠቡ። ዲስትሪቡተሩ ገና በድሮው የእሳት መነካኪያ የሚሠራ ከሆነ ኤሌክትሮኒክስ መግጠም ጥሩ ወጪ ነው። ሲሠራ የኖረን ሞተር ጉልበት አይጨምርለትም፣ ግን በከፍተኛ ዙር እሳት ከመሳት ያድነዋል።

የሲሊንደሮቹን ግፊትም አስለኩ። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ብዙም ካላለፈ ሞተሩ ገና ዕድሜ አለው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ አቁሙና ወደ መካኒክ ሂዱ። አዲስ ፕሮፔለር አያድናችሁም።

ክብደት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዙ የቆዩ ጀልባዎች ወለል ሥር ፎም ተሞልቷል፣ ወለሉን የሚሸከሙት ማገሮችም እንጨት ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ፎሙ ውኃ ይጠጣል። ከላይ ስታዩት ምንም የለም፣ ውስጡ ግን መቶ ሊትር ውኃ ቢይዝ መቶ ኪሎ ተሸክማችሁ ነው የምትዞሩት። ጀልባውን ከነተጎታቹ የምድር ሚዛን ላይ አውጡት። ከዚያ ተጎታቹን ብቻውን መዝኑ። ከፋብሪካው ክብደት በጣም ከበለጠ መልሱ ተገኘ። ከነሰውና ከነነዳጁ 1,500 ኪሎ የነበረን ጀልባ 150 ኪሎ ብታቀሉለት በግምት 5 በመቶ ይፈጥናል። ይህ ከ3 ኪሎሜትር በላይ ነው። እርጥብ ፎም ማውጣት ግን ወለሉን መቁረጥ ይጠይቃል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ማገሩ በስብሶ ከተገኘ ደግሞ ከፍጥነት ያለፈ ጣጣ ይመጣል።

ፕሮፔለር፦ እኔ ገንዘቤን የማወጣበት

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለውጥ የሚያሳያችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ የፒቹን ጉዳይ እናጥራው። በሙሉ ነዳጅ ዙሩ ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈ ወይም ጣሪያውን ከነካ ፒች መጨመር ይቻላል። አንድ ኢንች ፒች ሲጨመር ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይወርዳል። ከ13 ወደ 14 ኢንች ስትሄዱ በወረቀት ላይ ወደ 8 በመቶ ታተርፋላችሁ፣ የዙሩ መውረድ ግማሹን ይበላዋል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው 3 ኪሎሜትር ቢሆን ነው።

ዙሩ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ፒች መጨመር ጥፋት ነው። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያቃስታል፣ ይሞቃል፣ ስኪ የሚነዳውን ሰው ከውኃ ለማውጣትም ይዘገያል። እንዲያውም ፒች ቀንሰው ፍጥነት ያገኙ ጀልባዎች አሉ። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለ ሐይቅ ላይ የምትነዱ ከሆነ ይህ በተለይ ይመለከታችኋል። ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል።

ባለ ሦስት ክንፍ ወይስ ባለ አራት? በመርህ ደረጃ ሦስት ክንፍ ውኃው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ስለሚያንስ ለከፍተኛ ፍጥነት ያደላል። አራት ክንፍ ደግሞ ውኃውን ጨብጦ ይይዛል፣ ንዝረቱ ያንሳል፣ ስኪ የሚነዳው ሰው ሲጎትት ፍጥነቱ ቶሎ አይወርድም። የስኪ ጀልባ ለስኪ ከሆነ የምትፈልጉት አራቱን ምረጡ። ጓደኛን ለማስደመም ከሆነ ሦስቱን።

ከክንፍ ብዛቱ ይልቅ ግን የአሠራሩ ልዩነት ይበልጣል። የድሮዎቹ ፕሮፔለሮች ቀልጠው በሻጋታ የተሠሩና በእጅ የተሞረዱ ናቸው። ላያቸው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር የታተመባቸው ሁለት ፕሮፔለሮች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ክንፍ ከሌላው በፒች ሊለይም ይችላል። እንደ አክሚ ያሉ ሠሪዎች በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን የሚቀርጿቸው ፕሮፔለሮች ግን ክንፎቻቸው እኩል ናቸው። ኦጄም በስኪ ጀልባ ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ስም ነው። ከዚህ የተነሳ በጥንቃቄ የተሠራ ባለ አራት ክንፍ ከደከመ የድሮ ባለ ሦስት ክንፍ ሊፈጥን ይችላል። ለመግዛት አቅም ካነሰ ያለውን ወደ ፕሮፔለር ጠጋኝ ወስዳችሁ ክንፎቹን እኩል አስደርጉ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከንፈር እንዲያወጣም መጠየቅ ትችላላችሁ። ያ ከንፈር ፒች እንደመጨመር ነው፣ ዙር ስለሚቀንስ ዝም ብላችሁ አታስጨምሩ።

ስታዝዙ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንባችሁ። ዲያሜትር፣ ፒች፣ የዘንጉ ውፍረትና የመዞሪያ አቅጣጫ በእጃችሁ ይሁኑ። ከኋላ ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ፣ ጀልባው ወደፊት ሲሄድ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ቀኝ ይባላል። ብዙ የስኪ ጀልባ ግራ ነው። የተሳሳተውን ከገጠማችሁ ወደፊት ማርሽ አስገብታችሁ ወደኋላ ትሄዳላችሁ፣ ተመልካች ካለ ደስ ይለዋል። በክንፉ ጫፍና በሆዱ መካከል ቢያንስ ከዲያሜትሩ 10 በመቶ ክፍተት መኖሩንም ለኩ።

አሮጌውን ስትፈቱ መንቀያ ተጠቀሙ። እኔ አንዴ በመዶሻ ደብድቤ ዘንጉን አጣምሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ገንዘብ ሁለት ፕሮፔለር ይገዛ ነበር። ፕሮፔለሩ ከተቀየረም በኋላ ንዝረት ካለ የዘንጉን ኩሽኔታና ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚገጥምበትን መስመር አስፈትሹ። እዚያ የሚፈቀደው ልዩነት 0.08 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ጉልበት መጨመር

እዚህ ላይ ነው ሕልምና ደረሰኝ የሚጋጩት። በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ፍጥነት በግምት ከጉልበቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚያድገው። 240 የነበረውን 310 ብታደርሱት ጉልበቱ 29 በመቶ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን 14 በመቶ ቢጨምር ነው። 70 የነበረው 79 ወይም 80 ይሆናል። ያውም ከአዲሱ ጉልበት ጋር የሚሄድ ፕሮፔለር ከተገጠመ። ካልተገጠመ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያለውን ሞተር ማጠናከር፦ የተሻለ ቴስታታ፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ማኒፎልድ። ሁለተኛው ሙሉ ሞተር መቀየር። ሞተሩ ለማንኛውም ለእድሳት ከተከፈተ የመጀመሪያው ያዋጣል፣ የእጅ ሥራውን ከፍላችኋልና። ደህና የሚሠራ ሞተር ለዚህ ሲባል ብቻ መክፈት ግን አይመስለኝም።

ከመኪና ዓለም የሚመጣ መካኒክ የሚያጠፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኃይለኛ ካምሻፍት ነው። የጀልባ ጭስ ማውጫ ውኃ የሚያልፍበት ስለሆነ ቫልቮቹ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ሲረዝም ውኃው ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ሞተሩ በግልባጭ የሚዞር ዓይነት ከሆነም ካምሻፍቱ የተለየ ነው። ሁለተኛው የመኪና ዕቃ መግጠም ነው። የጀልባ ሞተር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የቤንዚን ትነት እዚያው ይጠራቀማል። ለጀልባ የተሠሩት ዲስትሪቡተር፣ ሞተሪኖ፣ አልተርኔተርና የነዳጅ ፓምፕ ብልጭታና ነዳጅ እንዳያስወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ካርቡሬተሩም ሲሞላ ትርፉን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጉሮሮው ያፈሳል። በዚህ ላይ መቆጠብ በእሳት መጫወት ነው፣ በቀጥታ ትርጉሙ።

ሆዱን መሞረድና ከሥር ያሉትን ክንፎች መንቀል የሚመክሩም አሉ። አታድርጉት። ያቺን አንድ ኪሎሜትር ስታገኙ ጀልባው ቀጥ ብሎ መሄዱን ታጣላችሁ።

ወይስ ሌላ ጀልባ?

የምትፈልጉት ጭማሪ ከ5 ኪሎሜትር በላይ ከሆነ፣ ሞተር ከማስጠናከር ይልቅ የእናንተን ሸጦ ከፋብሪካው ጠንካራ ሞተር ያለውን መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎችን ስታወዳድሩ የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አትዩ። የካምቢዮውን ቁጥር ጠይቁ። ዙር የሚቀንሰው ትልቅ ፕሮፔለር ስለሚያዞር ከቆመበት ፈጥኖ ይነሳል። አንድ ለአንዱ ቀለል ያለ አሠራር አለው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚለያዩት ግን በዋናነት በጉልበትና በክብደት ነው። የምድር ሚዛን ወረቀት ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ብርቅ ነው።

ውኃ ላይ ሳትወጡ አትግዙ። ስልካችሁን አብሩ፣ ነዳጁን ሙሉ ስጡ፣ ዙሩንና ፍጥነቱን ጻፉ፣ መንሸራተቱን እዚያው አስሉ። ሻጩ «ዛሬ ባትሪው ደክሟል፣ ግን 80 ይሄዳል» ካለ እኔ ብሆን ባትሪ ይዤ ነው የምመለሰው።