ምስጋና ለቢስትሮ ፖል ቤር፣ ጥቆማም ፓሪስ ለምትመጡ

ፓሪስ፣ 11ኛው አሮንዲስማን (ክፍለ ከተማ)፣ ሩ ፖል ቤር (ፖል ቤር መንገድ) ቁጥር 18። በሜትሮ መስመር 8 መጥታችሁ ፌዴርብ-ሻሊኒ ጣቢያ ከወረዳችሁ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለቢስትሮ ፖል ቤር (ቢስትሮ ማለት ትንሽ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ነው) ወጥ ቤትና አዳራሽ ሠራተኞች ምስጋና ነው። እጃችሁ ይባረክ!

ቀጥሎ ደግሞ ጥቆማ ነው። ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከለንደን ለሁለት ቀን ወደ ፓሪስ ብቅ የምትሉ ወገኖች፣ ኤፍል ግንብ አካባቢ ፎቶ የተለጠፈበት፣ በስድስት ቋንቋ የተጻፈና በላስቲክ የተሸፈነ ሜኑ ይዞ ከበር ላይ የሚጠራችሁን ሰው እለፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ሰው የሚሠራበት ጠባብ ወጥ ቤት አርባ ዓይነት ምግብ ከጥሬው ጀምሮ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ከፋብሪካ በከረጢት የመጣውን ያሞቃል እንጂ። ፖል ቤር ምግቡን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ዝርዝሩም አጭር ነው። ከገበያ የመጣው ሲያልቅ ይጠፋል፣ ወቅቱ ሲቀየር ይለወጣል።

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ "ፌ ሜዞን" (ቤት የተሠራ) የሚል ሕጋዊ ምልክት አለ፤ የቤት ጣሪያ የተደፋበት ድስት ይመስላል። ምግቡ እዚያው ቤት ከጥሬ ዕቃ መሠራቱን ይናገራል። ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው፤ ጥሬው ዕቃ በማቀዝቀዣ በረዶ የሆነ ዓሣ ቢሆንም ይፈቀዳል። ስለዚህ ምልክቱን ከማየት ሰሌዳውን ማንበብ ይበልጣል።

ፖል ቤር ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በስቴክ ኦ ፖቭር ነው፤ በቁንዶ በርበሬ የተጠበሰ የበሬ ፊሌ (ለስላሳው የወገብ ሥጋ)፣ ከነክሬም መረቁ፣ ከጥብስ ድንች ጋር። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሽበት ቦታ ግን ብዙ ነው። ሥጋው ለአንድ ሰው 200 ግራም ገደማ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከሳሳ ውጪው እስኪጠብስ ውስጡ አልቆ ይጠብቃል። ከማቀዝቀዣ ቀድሞ ካልወጣ ደግሞ ውጪው ሲጠቁር መሀሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። ቁንዶ በርበሬው በመጥበሻ ታች ወይም በሙቀጫ በሻካራው ይሰበራል እንጂ አይፈጭም፤ የተፈጨ ዱቄት በጋለ ቅቤ ላይ በአንድ አፍታ አርሮ ይመራል። ለአንድ ስቴክ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል፣ በመዳፍ ተጭኖ እንዲጣበቅ ይደረጋል።

መጥበሻው በደንብ ይግላል፣ ጥቂት ዘይትና ቅቤ ይገባል፣ ሥጋው በእያንዳንዱ ጎን ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ሳይነካካ ይቆያል። መጥበሻው ሳይግል ከገባ ሥጋው ውኃ ያወጣና በራሱ ጭማቂ ይቀቀላል። ከወጣ በኋላ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ያላረፈ ሥጋ ቢላዋ ሲነካው ጭማቂውን ሳህኑ ላይ ያፈስሳል። የተቃጠለው ቅባት ይደፋል (ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ የመረቁ ምሬት ከዚያ ይመጣል)፣ ከእሳት ገለል ተደርጎ ኮኛክ ይጨመርበትና ይለኮሳል። ነበልባሉ ሲጠፋ የጥጃ አጥንት መረቅ ገብቶ ግማሽ እስኪሆን ይንተከተካል፣ ከዚያ ክሬም። ልኩ በማንኪያ ጀርባ ይታያል፤ ጣት ሲያልፍበት መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። መረቁ ሳይጎድል ክሬም የሚያፈስ አብሳይ ቀጭንና ነጭ ነገር ያቀርባል፤ የተጣደፈ ወጥ ቤት በዚህ ይለያል።

አሁን ስለ አበሳሰሉ። ብለ ማለት መሀሉ 45 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ገና ጥሬ የሆነ፣ ሴንያን 50 ዲግሪ ገደማ ቀይና ሞቅ ያለ፣ አ ፖዋን 55 አለፍ ያለና ሮዝ፣ ቢያን ኩዊ ከ65 በላይ ሄዶ ግራጫ የሆነ ነው። ፖል ቤር ሰሌዳው ላይ ስቴኩን "ብለ፣ ሴንያን ወይም በመጥፎ የበሰለ" ብሎ በመጻፍ ስሙ የታወቀ ቤት ነው። ቀልድ ነው፣ ቁም ነገርም ነው። ፊሌ ስቡ በጣም ጥቂት ነው፤ ከ65 ዲግሪ ሲያልፍ የሥጋው ክሮች ተኮማትረው ጭማቂውን ያስወጣሉ፣ በትርፉ ደቂቃም ቁንዶ በርበሬው ያርራል። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲያወራርድ የኖረ የአገራችን ሰው ፓሪስ ሲደርስ "በደንብ ይብሰልልኝ" የሚለው ነገር እስካሁን አልገባንም። ሴንያን ለክትፎ ለብ ለብ ቅርብ ነው፤ አትፍሩት። የበሰለ ሥጋ ብቻ የምትበሉ ከሆነም መፍትሔው ስቴኩን ማስቃጠል አይደለም። በቀስታ የተቀቀለ ምግብ ሰሌዳው ላይ ካለ፣ ለምሳሌ ቤፍ ቡርጊኞን (በቀይ ወይን የተቀቀለ የበሬ ሥጋ) ወይም የጥጃ ብላንኬት (በነጭ ክሬም መረቅ የሚቀርብ)፣ እሱን እዘዙ። እዚያ የሚገባው የትከሻና የጉንጭ ሥጋ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ስለሚበስል ጅማቱ ቀልጦ ይለሰልሳል።

ድንቹ ደግሞ የራሱ ምስጋና ይገባዋል። ጥሩ የፈረንሳይ ጥብስ ድንች ሁለት ጊዜ ይጠበሳል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ተቆርጦ ስታርቹ እስኪለቅ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል። መጀመሪያ በ150 ዲግሪ ስድስት ሰባት ደቂቃ ቀለም ሳይዝ ይበስላል፣ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ሊቀርብ ሲል በ180 እና በ190 መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይገባል። በአንድ ጊዜ የተጠበሰው ወይ ውስጡ ጥሬ ነው ወይ ውጪው ይልፈሰፈሳል። ድንቹ ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ ከሆነ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሳይበስል ይጠቁራል። ዘይቱ ውስጥ ብዙ ድንች በአንዴ ከተጨመረ ደግሞ የዘይቱ ሙቀት ወርዶ ድንቹ ዘይት ይጠጣል። ሳህኑ ሲመጣ አንዷን ስበሩ፤ ስትሰበር ድምፅ ካላት፣ ውስጧም እንደ ዱቄት ነጭ ከሆነ ወጥ ቤቱ ሥራውን ያውቃል።

ስለ መጀመሪያው ሳህን ብዙ አንልም። እንቁላል በማዮኔዝ ሰሌዳ ላይ ካያችሁ እዘዙት፤ ርካሽ ነው፣ አንድ ቢስትሮ የሚፈተንበትም ነው። በሚፈላ ውኃ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ የቆየ እንቁላል አስኳሉ መሀል ላይ ገና እርጥብ ይሆናል። ዙሪያው አረንጓዴ ክብ ካለው ከልክ በላይ በስሏል። ማዮኔዙ እንቁላሉን ሸፍኖ መቆም አለበት፣ ወደ ሳህኑ ከወረደ ቀጥኗል፣ ሰናፍጩም ሊሰማ ይገባል። ፈረንሳዮች ይህንን ምግብ የሚጠብቅ ማኅበርና የራሱ ሻምፒዮና አላቸው፤ ስለዚህ አትናቁት።

ጣፋጭ። እዚህ ላይ የአስተናጋጁን ቃል ስሙ። የግራን ማርኒየ ሱፍሌ (በተመታ የእንቁላል ነጭ በምድጃ የሚነፋ ጣፋጭ) የምትፈልጉ ከሆነ በምግቡ መጨረሻ ሳይሆን ዋናውን ስታዝዙ ተናገሩ። የወተት፣ የአስኳልና የስኳር መሠረቱ ቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል፣ የእንቁላሉ ነጭ ግን የሚመታው በታዘዘ ሰዓት ነው። ከልክ በላይ ከተመታ ይሻክርና ከመሠረቱ ጋር አይዋሃድም፣ ካነሰ አያነሳም። ነጩ መጀመሪያ ሲሦው ገብቶ መሠረቱን ያላላል፣ የቀረው ከታች ወደ ላይ እየተገለበጠ ይቀላቀላል። ሳህኒቱ በቅቤ የምትቀባው ከታች ወደ ላይ በተሳበ ብሩሽ ነው፣ ከዚያ ስኳር ይነሰነስባታል፤ ሱፍሌው ግድግዳውን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚወጣው በዚህ ነው። በ190 እና በ200 ዲግሪ መካከል ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ከምድጃ ሲወጣ ውስጡ የታመቀው ትኩስ አየርና እንፋሎት እየቀዘቀዘ ይኮማተራል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃም ይወርዳል። ስለዚህ ሱፍሌ ያዘዘ ሰው ሊመጣ ሲል ሲጋራ ለማጨስ ወይም ስልክ ለማንሳት አይወጣም። ፎቶ ካማራችሁ አንድ ብቻ፣ ወዲያው። መጠጥ የማትቀምሱ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ፤ ግራን ማርኒየ የብርቱካን ሊኬር ነው፣ አልኮሉ በምድጃ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

መጠጥ ለማይቀምሱት ፓሪ-ብሬስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስና በብሬስት መካከል ይደረግ ለነበረው የብስክሌት ውድድር ማስታወሻ የተፈጠረ፣ የጎማ ቅርጽ ያለው የሹ ሊጥ (በምድጃ ተነፍቶ ውስጡ ባዶ የሚሆን ቀላል ሊጥ) ሲሆን በፕራሊኔ (በስኳር የተቆላ ለውዝ) ክሬም ይሞላል። ፖል ቤር የሚያቀርበው ትልቅ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ሊጡ ከለሰለሰ ክሬሙ የተሞላው ከሰዓታት በፊት ነው ማለት ነው። ክሬሙ ውስጥ መጠጥ መኖር አለመኖሩን ጠይቃችሁ እዘዙ።

ለጿሚዎች በግልጽ እንናገር፤ ይህ የረቡዕና የዓርብ ቤት አይደለም፣ የሁዳዴም አይደለም። ቅቤ በሁሉም ነገር ውስጥ አለ፣ አትክልቱም በቅቤ ተለውሶ ይመጣል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሂዱ። የግድ ከሆነ ከቀኑ በፊት ደውላችሁ "ቬጋን" በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ እንቁላል መሆኑን አንድ በአንድ ንገሯቸው። ምሳ ሰዓት ሞልቶ ሳለ ለአስተናጋጁ ስለ ጾም ማስረዳት ለእናንተም ለእሱም አይሆንም። በማንኛውም ቢስትሮ ጥብስ ድንቹ በበሬ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል "ግሬስ ደ ቤፍ" ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዳቦው አያሳስብም፤ ትራዲሲዮን የሚባለው ባጌት እ.ኤ.አ. በ1993ቱ የዳቦ ድንጋጌ መሠረት በዱቄት፣ በውኃ፣ በጨውና በእርሾ የሚጋገር ነው፣ ወተትም ቅቤም የለውም።

የአሳማ ሥጋ ለማይበሉ ደግሞ ዋናው ጠላት ላርዶን ነው። ትንንሽ ተደርጎ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ሲሆን በማይጠበቅበት ቦታ ይገኛል፦ በሰላጣ፣ በምስር፣ በቤፍ ቡርጊኞን፣ በኮክ ኦ ቫን (በወይን የተቀቀለ ዶሮ)። ፓቴና ቴሪን (ተፈጭተው በቅርጽ የሚጋገሩ የሥጋ ምግቦች) አብዛኛው አሳማ አለበት፣ የዳክዬ የተባለው ሳይቀር። "ያሳማ ሥጋ አለበት?" ብቻ አትበሉ፤ "ላርዶን አለበት?" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ሊለያይ ይችላል። እስላም ወንድሞችና እህቶች ከሥጋው አስተራረድ ሌላ በመረቁ ውስጥ ስለሚገባው ወይንና ኮኛክም ይወቁ።

ሥነ ሥርዓቱን በአጭሩ። ስትገቡ "ቦንዡር መሲዩ" ወይም "ቦንዡር ማዳም" ሳይባል ምንም አይጠየቅም፤ ሰላምታ የዘለለ ሰው አስተናጋጁ ፊቱን ቢያጠቁርበት ዘረኝነት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ፈረንሳዩንም እንዲሁ ያደርገዋል። ክፍት ቦታ አይታችሁ ራሳችሁ አትቀመጡ። "ካራፍ ዶ" ካላችሁ የቧንቧ ውኃ በነፃ ይመጣል፣ ዳቦውም ከምግቡ ጋር ነፃ ነው። "ውኃ" ብቻ ካላችሁ ግን የጠርሙስ መጥቶ ይቆጠርባችኋል። የምግብ ዋጋ ከውጭ መለጠፍ ግዴታ ስለሆነ ሳትገቡ አንብቡት። ፖል ቤር ርካሽ ቤት አይደለም። ኪሳችሁ ለእራት ካልፈቀደ የሥራ ቀን ምሳ ሂዱ፤ በፓሪስ ቢስትሮዎች በቁርጥ ዋጋ የሚቀርበው የምሳ ሜኑ በአብዛኛው ከእራቱ ይቀንሳል።

ቡና የሚመጣው ከጣፋጩ በኋላ ነው፣ አብሮ አይመጣም። ከቡና አገር ለመጣ ሰው ደግሞ የፓሪስ ቢስትሮ ቡና ብዙ ጊዜ አያረካም፤ ሆድን አሳርፎ ለመነሳት ካልሆነ ቢቀርም ምንም አይደል። ሒሳብ እስክትጠይቁ አይመጣም፤ አስተናጋጁ ረስቷችሁ ሳይሆን ሒሳብ ይዞ መምጣት ማባረር ስለሚመስለው ነው። የአገልግሎት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዋጋው ውስጥ የተካተተ ነው፤ ከአሜሪካ የምትመጡ 20 በመቶ ለመጨመር አትጨነቁ። ደስ ካላችሁ ሁለት ሦስት ዩሮ በጥሬው ጠረጴዛ ላይ ተዉ።

እንከኑም ይነገር። ጠረጴዛዎቹ የተቀራረቡ ናቸው፣ ምስጢር የሚወራበት ቦታ አይደለም። የሕፃን ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ስታስይዙ ተናገሩ፣ ካልሆነ ማስቀመጫ ይቸግራል።

ቦታ ሳታስይዙ ማታ አትሂዱ። ስልኩን ቤቱ ራሱ ከሚያወጣው መረጃ ውሰዱ እንጂ ከአሮጌ ጽሑፍ አትቅዱ። በዚያው የሥራ ቀናቸውን አረጋግጡ፤ እሑድና ሰኞ የሚዘጉ ቢስትሮዎች ብዙ ናቸው፣ በነሐሴም ግማሹ ፓሪስ ለእረፍት ይዘጋል። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት ስለሚያርፍ በዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት ምግብ አይገኝም። የሚያረፍዳችሁ ነገር ካለ ደውሉ፤ በትንሽ ቤት አንድ ባዶ ጠረጴዛ የምሽቱ ትልቅ ኪሳራ ነው። መምጣት ካልቻላችሁም በጊዜ ሰርዙ፣ ለሌላው ይደርሳል።