ለከባድ ጉልበተኛ መኪና የትኛው ፍሬን ይገዛ? በደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት ሲመዘን

ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ እስኪገቡ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው በዚህች መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ተጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር ቪ8 ይህን 650 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 19 ሜጋ ጁል ይጠጋል። ያው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አንዴ ቀጥ ብሎ ቢቆም ፍሬኑ የሚውጠው 1.2 ሜጋ ጁል አይሞላም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከ100 ወደ ዜሮ 16 ጊዜ ደጋግሞ እንደማቆም ነው። ከዚህ ላይ ጎማውና ነፋሱ ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ማርሽ ከተያዘ ያግዛል። የተረፈው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክና እሱን ጨብጦ በሚያቆመው ሸራ ላይ ያርፋል።

ለመኪና ውድድር የተሠሩ የፍሬን ዕቃዎች ውጭ ዘመድ ላለው ሰው በሻንጣ ይመጣሉ፤ «ለቪ8 ይሄ ነው» ተብሎም ይመከራል። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። የውድድር ሜዳ ፍሬንን የሚያሰቃየው ለአጭር ጊዜ በኃይል ነው፤ ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ በ150 እና በ200 ሲሮጥ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። የእኛ ቁልቁለት ግን በ40 እየተጎተቱ፣ ከፊት የጭነት መኪና ተደርድሮ፣ ሳያቋርጡ ግማሽ ሰዓት ፍሬን መርገጥ ነው። ነፋስ የለም፣ እረፍትም የለም። ከውድድሩ ዕቃ የትኛው እዚህ ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም የሚለው ከዚህ ልዩነት ይነሳል።

መጀመሪያ ገንዘብ የሚገባው ለፍሬን ዘይት ነው። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፣ ከሁሉም የተረሳውም እሱ ነው። ሸራ በየጊዜው የሚቀይር ሰው ዘይቱን ሲጎድል ከመሙላት በቀር አይነካውም። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ውሃ ይስባል፤ በጎማ ቱቦውና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል እርጥበት እየጠጣ ይሰነብታል፣ በጠጣ ቁጥርም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት የዘይቱ ደረጃ ነው፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ እንዲችል ደረጃው ያስገድዳል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል፣ ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180። በሞቀ ካሊፐር፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል ውስጥ፣ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል፣ ፈሳሽ አይታመቅም፤ ስለዚህ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለል ድረስ ይወርዳል።

ከፍታውም የራሱን ያክላል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው፣ የፍሬን ዘይትም ቀደም ብሎ መፍላቱ አይቀርም። በቫኪዩም ሰርቮ (የእግርን ግፊት በሚያግዝ ክፍል) የሚሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ የሰርቮው እርዳታ አንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ፔዳሉ «ጠነከረ» የሚባለው ሁልጊዜ የሰርቮ ብልሽት እንዳይመስላችሁ።

ከዘይቶቹ መካከል ኤቲኢ ታይፕ 200 ለዚህ አገር የተመተረ ይመስላል። አዲስ ሆኖ 280 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ጠጥቶም 198 ላይ ይቆያል። የታወቀ ድርጅት ዶት 5.1ም ጥሩ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚያደርገው ኤቢኤስ ይመቻል። ሞቱል አርቢኤፍ 600 አዲስ ሲሆን 312 ዲግሪ ይደርሳል፣ ግን የውድድር ዘይት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ከተረሳ የተከፈለበት ገንዘብ ባከነ። ካስትሮል ኤስአርኤፍ ውሃ ጠጥቶ እንኳ 270 ይችላል፤ በጥራት የሚደርስበት የለም፣ በዋጋውም የሚደፍረው የለም። የትኛውም ቢገዛ ክረምቱ እንደወጣ በየዓመቱ ይቀየር። በዓመት የሚቀየር ተራ ዶት 4 ለአራት ዓመት ከተረሳ ውድ ዘይት ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዶት 5 እና ዶት 5.1 አንድ አይደሉም። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የመሪ ዘይት በስህተት ከተጨመረ ደግሞ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ዘይቱን ከሚገፋው ፖምፓ እስከ ካሊፐሩ ያለው ጎማ ሁሉ መቀየሩ ነው።

ቀጥሎ ሸራው። የሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከረጅም ቁጥር ጋር ሁለት የላቲን ፊደሎች ይታተማሉ። የመጀመሪያው መጠነኛ ሙቀት ላይ ያለውን የመያዝ አቅም ይናገራል፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን። ኢ የሰበቃ ልኩ (ፍሪክሽን) ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ለከባድ መኪና የፊት እግር ኢኢ የተጻፈበት ሸራ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ። ኤፍኤፍ ይበቃል፣ ጂጂ ካለ የተሻለ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሸራው ሲግል ይደክማል ማለት ነው፤ የእኛ መንገድ የሚፈትነው ደግሞ እሱኑ ነው። ፊደሉ ግን ስለ ዕድሜውና ስለ አሠራሩ ጥራት ምንም አይልም፣ ፎርጅድ ሸራም ላይ ሊታተም ይችላል። የሻጭ መሐላ በኪሎ አይለካምና ሳጥኑ ሱቁ ውስጥ ይከፈት። አራቱም ሸራዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው። ሸራውና ብረቱ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ጥፍር ይሂድበት፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይመለስ። ኦሪጅናሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ጩኸት የምታሰማው ቀጭን ብረት ኖራ እዚህኛው ላይ ከሌለች፣ ሌላም የቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

የቶዮታ ኦሪጅናል ሸራ ከጠዋቱ ብርድ ጀምሮ ይይዛል፣ ዲስክ አይበላም፣ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ሴራሚክ የሚባለው አይጮህም፣ ቼርኬም አያቆሽሽም። ከተማ ውስጥ ደስ ይላል፤ ተጭኖ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ግን ብረት የበዛበት ሰሚ ሜታሊክ ይመረጣል። ኢቢሲ ግሪንስታፍ 6000 ለከባድ መኪና የተሠራ ነው፣ ከኦሪጅናሉ ጎን ሊቆም ይችላል። ዬሎስታፍ ከቀዝቃዛው ጀምሮ ይነክሳል፣ ሙቀትም ይችላል፤ ዱቄቱ ግን ብዙ ነው። ለቪ8 ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ንጹሕ የውድድር ሸራ? አይገዛ። በደንብ መያዝ የሚጀምረው ከሞቀ በኋላ ነው። ውድድር ላይ አንድ ዙር ማሞቂያ አለ፤ ደሴ ላይ ግን ጠዋት 12 ሰዓት በብርድ ተነስቶ ከተማዋን ሳይለቁ ቁልቁለት ነው፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አህያ ነጂ አለ። በዚያ ላይ ይጮሃል፣ ዲስኩንም እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በብረት ሽቦ የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ የፔዳሉን ልስላሴ ይቀንሳል፣ ሙቀት ላይ ግን ለውጥ የለውም። ነባሩ የጎማ ቱቦ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር፣ ካላሳየ ይቆይ።

ዲስክ ላይ ብዙ ሰው ለዓይኑ ይገዛል። ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳው ያምራል፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መስመር የተቀደደበት ይሻላል፣ ሸራ ግን ቶሎ ይጨርሳል። ምርጫው ተራው ነው፤ መሃሉ የአየር መተላለፊያ ያለው፣ ክብደቱ ሙሉ የሆነ። ሙቀቱን መጀመሪያ የሚያጠራቅመው የብረቱ ብዛት ነው። አሮጌ ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይህን ብረት መቀነስ ነው፤ ገጹ ያበራል፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ከበፊቱ ቀድሞ ይግላል። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። ቶርኖ ቤት ከመግባቱ በፊት በካሊበር ይለካ፤ ተልጦ ከዚያ በታች የሚሆን ከሆነ ብረት ለሚገዛው ይሰጥ። ጎማ ሲታሰርም ዳዶዎቹ በዙር ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ ይጥበቁ፤ ባልተስተካከለ አጠባበቅ የተንጋደደ ዲስክ ነው ኋላ ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠው።

ስድስት ፒስተን ያለው ካሊፐር ከግዙፍ ዲስክ ጋር የሚሸጥበት ሙሉ ዕቃ ለወሎ አይሆንም። ሙቀት ይችላል፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን ትልቅ ቼርኬ ይጠይቃል፤ ትርፍ ጎማው ደግሞ በድሮው ልክ ከሆነ ጎማ የፈነዳ ቀን ካሊፐሩ ላይ ያርፍና አይገባም። የፒስተኖቹ ስፋት ሲጨምር ነባሩ ፖምፓ ብዙ ዘይት መግፋት አለበት፣ ስለዚህ ፔዳሉ ይረዝማል። የፊቱ ጉልበት ከኋላው ጋር የነበረው ሚዛንም ይዛባል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ፊቱ ቀድሞ ይቆለፍና ኤቢኤሱ ያለ ጊዜው መሥራት ይጀምራል። ሸራው ያለቀ ዕለት ደግሞ አይደለም ደሴ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። ይህ ብር በየዓመቱ ዘይት፣ በየጊዜው ጥሩ ሸራና አንድ ጥንድ ኦሪጅናል ዲስክ ቢገዛበት ይተርፋል።

ገጠማው ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው አየር ማስወጣት ነው። ብዙ መኪና ላይ ከፖምፓው ከራቀው እግር ይጀመራል፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ግልጽ ቱቦ አየር ማስወጫዋ ላይ ይሰካል፣ ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ የወጣው ዘይት አዲሱን መስሎ አረፋ እስኪያጣ ይቀጠላል። ማጠራቀሚያው ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከወረደ አየር ይስባልና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ለሃይስ 1 ሊትር ይበቃል፣ ለቪ8 2 ሊትር ይያዝ። ተከፍቶ የከረመ ዘይት አይገባም፤ ክዳኑ ቢዘጋም እርጥበቱን ጠጥቷል። ግፊቱን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚፈጥር መኪና ቅደም ተከተሉ ይለያል፣ የምርመራ ኮምፒውተርም ሊፈልግ ይችላል። ጋራዡ ያ መሣሪያ ከሌለው «እንሞክረው» ቢል እሺ አይባል።

ሁለተኛው አዲስ ሸራ ማለማመድ ነው። ሸራው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ መጀመሪያ ሲግል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ መኪናውን ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ ሸራ አስገጥሞ በዚያው ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያለው ሜዳማ መንገድ ላይ፣ ኋላ መኪና በሌለበት፣ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር 8 ወይም 10 ጊዜ መጠነኛ አረጋገጥ ይረገጣል፣ ቀጥ ተብሎ ግን አይቆምም። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ 10 ደቂቃ መንዳት።

አወራረዱን የድሮ ሹፌሮች ጨርሰውታል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን አየር አያፍንም፣ ስለዚህ በራሱ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ወደ 2 ወይም 3 ይቀነስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሰው የሞተሩንም ድርሻ ለፍሬኑ አሸክሞታል። ፔዳሉ ላይ እግር ማሳረፍም አይገባም፦ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ።

ችግሩን እግር ይለየዋል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልያዘ የጋለው ሸራ ነው፤ ማርሽ ይቀነስ፣ ቦታ ሲገኝ ይቁም። ፔዳሉ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል፤ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ትንሽ ግፊት ሊመልስ ይችላል፣ ማርሹም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ይውረድ።

ኮምቦልቻ ሲደረስ የጋለ ዲስክ ላይ ረዳቱ ውሃ አይድፋ፤ በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃል። እጅ ፍሬንም አይሳብ፣ ማርሽ ውስጥ ይግባና ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ያኔ በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር አራቱም እግር ላይ ይደረግ። ግራና ቀኙ ሊቀራረቡ ይገባል። አንዱ ከጓደኛው 60 እና 70 ዲግሪ ከበለጠ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባት ዘንግ ዝገት ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ወጥታ በጥሩ ትጠረግ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ ትቀባ፣ የተቀደደች የጎማ ልብሷም ትቀየር። አንድ ዘንግ ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።