ለአሮጌ አትክልት ስፍራ ገንዘብ ማሰባሰብ፦ በግብር 1 በመቶ ወይስ በዛፍ ስፖንሰር?

በሃንጋሪ የአልቹት ቤተ መንግሥት ከፊት ግድግዳው በቀር ብዙ የቀረው ነገር የለም፤ ዛፎቹ ግን አሉ። እንዲህ ላለ ቦታ ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ሁለት መንገድ አለው።

አንዱ ግብር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ግብር ከፋዩ ከገቢ ግብሩ 1 በመቶው ለመረጠው ማኅበር እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ከኪሱ ተጨማሪ አንዲት ፎሪንት አትወጣም። ካላዘዘ ገንዘቡ እዚያው መንግሥት ጋ ይቀራል። ጣጣው ገንዘቡ የሚደርሰው ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። ሰጪው ካልፈቀደ ደግሞ ስሙ ለማኅበሩ አይነገርም፤ ማንን ታመሰግናለህ?

ሌላው፣ ሰው አንድ ዛፍ ወይም አግዳሚ ወንበር መርጦ ወጪውን እንዲችል መጠየቅ ነው። ገንዘቡ ቶሎ ይገባል። ችግሩ ሁሉም የሚታየውን ይመርጣል፤ የውኃ ቱቦ ስፖንሰር የሚያደርግ ማን አለ?

እኔ ብሆን ቱቦውን በግብሩ፣ ዛፉን በስፖንሰር።